ከልጇ የተለየች እናት ወተቷ እንዳይነጥፍ

ሕፃን ያለ ጊዜው ተወልዶ በሆስፒታል ሙቀት ክፍል ሲቀር፤ እናቲቱም እቅፏ ባዶ ሆኖ ወደ ቤቷ ስትመለስ፤ የቤተ ሰቡ ሐሳብ ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። ክብደቱ ስንት ግራም ደረሰ፤ ትንፋሹ ተስተካከለ ወይ፤ ሐኪሙስ ምን አለ፤ እየተባለ ይጠየቃል። ስለ እናቲቱ ጡት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ሕፃኑ ከዚያ ክፍል በደኅና እንዲወጣ ከሚረዱት ነገሮች አንዱና ታላቁ የእናቱ ወተት ነው፤ እርሱም በጥቂት ቀን ቸልታ ሊነጥፍ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀቱ ገና አልጸናም። በዱቄት ወተት የሚመገበው በእናቱ ወተት ከሚመገበው ይልቅ በክፉ የአንጀት ሕመም የመያዝ አደጋው የበለጠ መሆኑ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። የእናት ወተት ምግብ ብቻ ሳይሆን ከበሽታ መከላከያም ነው። የቆርቆሮው ወተት ዋጋ የአንድን ደመወዝተኛ ቤት እንዴት እንደሚያናጋ ደግሞ የገዛ ሁሉ ያውቀዋልና ብዙ አንልበትም። ደግሞም ጉዳዩ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱት ብቻ አይደለም፤ ታሞ የተኛ አራስ ልጅ፤ ጡት ይዞ መሳብ ያልቻለ ልጅ፤ እናቱ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ የተመለሰችበት ልጅ፤ እነዚህ ሁሉ የእናታቸውን ወተት የሚያገኙት ታልቦ ሲቀመጥላቸው ነው።

ብዙ ሰው ጡትን እንደ እንስራ ያየዋል። ሳይነካ ቢቀመጥ ወተቱ የሚጠራቀም፤ ቢቀዳ ደግሞ የሚያልቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጡት በታለበ ቁጥር ይሠራል፤ ሞልቶ በቆየ ቁጥር ሥራውን ይቀንሳል። ሕፃኑ ሲጠባ ወይም ጡቱ ሲታለብ፤ ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ ሁለት ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ። ፕሮላክቲን የተባለው ወተቱን ያሠራል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ የተሠራውን ወተት ወደ ጡት ጫፍ ይገፋዋል። በጡት ውስጥ ሳይታለብ የቀረው ወተት ራሱ «በቃ፤ አትሥራ» የሚል ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍ ሆኖ ሥራውን ያዘገየዋል። አንደኛው ጡት እየታለበ ሌላው ቢተው፤ የተተወው ብቻውን የሚነጥፈውም ስለዚህ ነው።

ይህን ከብት ያረቡ ወገኖቻችን ከመጽሐፍ ሳይማሩ ያውቁታል። ያልታለበች ላም እንደምትነጥፍ ለእነርሱ መንገር አያስፈልግም። በአንዳንድ አገርም ጥጃ የሞተባትን ላም ለማለብ ሲፈልጉ የጥጃውን ቆዳ ገለባ ሞልተው በፊቷ ያቆሙላታል፤ እርስዋም አሽትታ ወተቷን ትለቃለች። ምሳሌው ለእናቶች ክብር የማይመጥን ቢመስልም የተፈጥሮው ሥራ አንድ ነው። ከልጇ የራቀች እናትም ከመታለቧ በፊት የልጁን ፎቶግራፍ ብታይ፤ ልጁ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ብታሸት፤ ወተቱ ቶሎ ይወርድላታል። ስትደነግጥ፤ ስታዝን፤ ሰው ሲከባት ደግሞ መውረዱ ይዘገያል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ድንጋጤ የሚያዘገየው መውረዱን እንጂ ወተቱን ያጠፋው ማለት እንዳልሆነ ነው። «ደንግጣ ነጠፈባት» እየተባለ የሚወራው ብዙ ጊዜ ሐቁ ሌላ ነው፤ ደንግጣ መታለብ ስለተወች ነው የነጠፈው።

እንግዲህ መቼ ይጀመራል ቢባል፤ በወለደች በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ያ ባይሆንላት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጀመር ይገባታል። በመጀመሪያው ቀን የሚገኘው ጥቂት ጠብታ ወይም አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ቢሆን አያስገርምም። ይህ ወፈር ያለና ቢጫነት ያለው እንገር በብዙ ቤት ለሕፃን ከባድ ነው ተብሎ ሲደፋ ኖሯል፤ በፋንታውም ቅቤ ወይም የስኳር ውኃ ሲላስ እናውቃለን። በእውነቱ ከዚህ የበለጠ ጥፋት የለም። በሙቀት ክፍል ላለው ልጅ ሆዱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ፤ በነርስ እጅ ከንፈሩ ላይ የሚንጠባጠብለት ያ ጥቂት እንገር የመጀመሪያው መድኃኒቱ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 ከመቶ መሆናቸው ተገልጿል። የቀሩት ውኃውም ሌላውም ተቀላቅሎባቸው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ጊዜ ያላነሰ፤ ቢቻል እስከ 10 ጊዜ መታለብ ያስፈልጋል። አራስ ልጅ ቢጠባ ኖሮ የሚጠባው በዚህ ቁጥር ነውና። በቀን በየሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በየሦስት ሰዓት ይሁን፤ በሌሊት ከአምስት ሰዓት የበለጠ ክፍተት አይኑር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ መነሣት ግድ ነው፤ ፕሮላክቲን ከቀን ይልቅ በሌሊት ከፍ ይላልና። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ወተቱ በብዛት ይወርዳል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የምታገኝ እናት መንገዱ ቀንቷታል ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ሳምንታት ለሚመጡት ወራት መሠረት ስለሚጥሉ፤ ልጁ በቀን የሚወስደው ገና ጥቂት ቢሆንም «ይህ ይበቃዋል» ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

እኛ የምንውለው በመዝገብና በቀጠሮ መካከል ስለሆነ ያልተጻፈ ነገር አያሳምነንም። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ባልደረባችን በ31ኛው ሳምንት ወልዳ፤ ልጁም 1,450 ግራም ሆኖ በሙቀት ክፍል በቀረ ጊዜ፤ አንድ ደብተር አስምረን ላክንላት። ቀን፤ ሰዓት፤ ከቀኝ ስንት፤ ከግራ ስንት፤ ድምር፤ የሚል ነው። ብዙዎች ሳቁብን። እርስዋ ግን ሞላችው። በሁለተኛው ቀን ድምሩ 12 ሚሊ ሊትር ነበር፤ በአራተኛው ቀን 140፤ በሰባተኛው 310። በዘጠነኛው ቀን ግን ወደ 220 ወረደ። በቤቱም ታላቅ ሐዘን ሆነ። ሰው ዐይን በላት አለ፤ ሌላው ደግሞ ብርድ መታት አለ።

ሕፃኑን የምትጠብቀው ነርስ ደብተሩን ተቀብላ ስታገላብጥ ምክንያቱን ከመዝገቡ አገኘችው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተጻፈ ምንም የለም። ነገሩ ሲጠየቅ ልታርሳት የመጣችው አክስቷ አዝናላት ነው። «ልጄ፤ ያልተኛች አራስ ወተት የላትም፤ ዝም ብለሽ ተኚ፤ እስኪነጋ ይሞላል» ብላ አስተኝታታለች። በቀንም ጠያቂ ስለ በዛ ሁለት ሁለት ጊዜ ዘልላለች። ነርሷ አክስትዮዋን በክብር አስቀምጣ ነገሩን ካስረዳቻት በኋላ፤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የምትቀሰቅሳት አክስቷ ራስዋ ሆነች። ትኩስ አጥሚት በእጅዋ ይዛ «ተነሺ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የልጁ ሰዓት ነው» ትላታለች። በአሥራ አራተኛው ቀን ድምሩ 520 ደረሰ። ይህን የምንተርከው አክስትዮዋን ለመውቀስ አይደለም፤ ፍቅሯ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

በእጅ ማለብን ብዙ እናቶች እንደ ድኻ ዘዴ ይንቁታል። ይህ ትክክል አይደለም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወፍራሙን እንገር ከመሣሪያ ይልቅ እጅ አሳምሮ ያወጣዋል። አስቀድማ እጅዋን በሳሙናና በውኃ ትታጠብ፤ አፉ ሰፊ የሆነ ብርጭቆ ወይም ኩባያ ቀቅላ ታዘጋጅ። ጡቷን በመዳፏ ቀስ ብላ ካሻሸች በኋላ፤ አውራ ጣቷን ከጡት ጫፍ በላይ፤ ሌባ ጣቷን ከታች፤ ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃ ታስቀምጥ። በመጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጣቶች አቀራርቦ ጨመቅ፤ ከዚያ ለቀቅ። ጣቶቹ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፤ ጫፉንም መሳብ አያስፈልግም። ወተቱ ሲቀንስ ጣቶቿን በዙሪያው አዛውራ ትቀጥል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በአንዱ፤ ከዚያ በሌላው፤ እንደገናም ወደ ፊተኛው እየተመለሰች፤ ሁሉም በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሕመም ካለው አያያዙ ተሳስቷል ማለት ነው።

ፓምፕ የተባለው የጡት ማለቢያ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ኦርዌል ኒድሃም የተባለ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በስሙ አስመዝግቦታል። ጡትን ሳይጎዳ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ያሻሻለው ደግሞ ኤይናር ኤግኔል የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ነው፤ ይህም በ1950ዎቹ ዓመታት ነበር። ዛሬ በእጅ የሚጨመቀውም፤ በባትሪ የሚሠራውም፤ ሁለቱን ጡት ባንድ ጊዜ የሚያልበውም በየገበያው ይገኛል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚያልበው ጊዜ ይቆጥባል፤ ለብዙ ወር የምትታለብ እናትም ዐቅሟ ከፈቀደ ይህ ይሻላታል። ነገር ግን መሣሪያው ብዙ በሳበ ቁጥር ብዙ ወተት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የሚያሳምም ጉልበት ወተቱን ያግደዋል፤ ጡቱንም ያቆስላል። በጡት ላይ የሚደፋው ቀሚሱም ልክ ይሁን፤ የጡቱ ጫፍ ጎኑን ሳይፋቅ በነፃ መንቀሳቀስ አለበት። በአሜሪካ የስታንፎርድ ሐኪም ጄን ሞርተንና ባልደረቦቿ በ2009 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፤ ያለ ጊዜያቸው የወለዱ እናቶች መሣሪያውን ከእጅ ማሻሸትና ከእጅ ማለብ ጋር አስተባብረው ሲሠሩ ወተታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ መሣሪያ ያላትም እናት እጅዋን አትተው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ወተቱ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ስለ ምግብ የተጠየቀ ሁሉ የሚመልሰው አለው። የአጃ አጥሚት፤ ገንፎ በቅቤ፤ ተልባ፤ አብሽ። እኛም አጥሚትን አናቃልልም፤ የወለደች ሴት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ትኩስና ለስላሳ መጠጥም ያጽናናታል። አብሽ ወተት ይጨምራል የሚለው ግን እስካሁን በጽኑ ማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ደግሞም በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት አብዝታ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ውኃ በጥማቷ መጠን መጠጣት ይበቃል፤ ያለ ጥማት በግድ መጋት ወተት አይጨምርም። ጠላና ጠጅ ወተት ያወርዳል የሚለው አሳብ ግን ፈጽሞ መተው አለበት፤ አልኮል ወተቱን የሚገፋውን ኦክሲቶሲን ይቀንሰዋል። በአጭሩ አጥሚቱ እናቲቱን ያበረታታል፤ ወተቱን የሚያመጣው ግን መታለቡ ነው። ድስቱ እንዲጣድ የሚተጉት ዘመዶች ለማለቢያው ሰዓት ግማሹን ያህል ቢተጉ መልካም ነበር።

አራስ ጥየቃ የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ባዶ እቅፍ ይዛ ለተመለሰች እናት ደግሞ ይልቁንም ያስፈልጋታል። ዳሩ ግን ሳሎኑ ጠያቂ ሞልቶ ሳለ እናቲቱ «ልታለብ ነውና ፈቀቅ በሉልኝ» ለማለት ታፍራለች። ይህን ማለት የባልዋ ድርሻ ነው። እቃውን ማጠብና መቀቀል፤ ቀኑንና ሰዓቱን በብርጭቆው ላይ መጻፍ፤ ወተቱን ሳይሞቅ ወደ ሆስፒታል ማድረስ፤ ይህ ሁሉ ወንድ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። እኛ እንዳየነው ይህን የሚሠሩ ባሎች እየበዙ ነው።

የታለበው ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፤ በፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፤ በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል እስከ 6 ወር ቢቆይ መልካም ነው። እንደ ድሬዳዋና እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር የክፍሉ ሙቀት ከዚያ ስለሚያልፍ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ዕቃ ይግባ። ሙቀት ክፍል ላለ ልጅ ግን የሆስፒታሉ ደንብ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል በዚያው መሄድ ነው። ወተቱ በላዩ ስቡ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ማዛወር ነው። በእሳት ላይ አይጣድ፤ ዕቃውን በሞቀ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። የቀለጠ በረዶ ወተት ዳግመኛ በረዶ አይሁን፤ ልጁ ቀምሶ የተወውም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ለማጠጣት ጡጦ ከመግዛት ይልቅ ትንሽ ንጹሕ ሲኒ ይሻላል። ሲኒ ለማጠብና ለመቀቀል አይቸግርም፤ ሕፃኑንም ጡት ከመያዝ አያዘናጋውም። ቀና ተደርጎ ተይዞ የሲኒው አፍ ከታችኛው ከንፈሩ ሲነካ ራሱ እየላሰ ይወስዳል። ወተቱን በአፉ ውስጥ ማፍሰስ ግን አደጋ ነው።

ሐኪሙ ሲፈቅድ እናቲቱ ልጇን በዳይፐርና በቆብ ብቻ አድርጋ በባዶ ደረቷ ላይ ታቅፈው። ይህን ዘዴ በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ ሐኪሞቹ ኤድጋር ሬይና ሔክተር ማርቲኔስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ መሣሪያ ባነሳቸው ጊዜ ጀመሩት፤ ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። ሕፃኑን ያሞቀዋል፤ የእናቲቱንም ወተት ይጨምራል። ከታቀፈችው በኋላ ወዲያው የምትታለብ እናት ልዩነቱን በብርጭቆዋ ታየዋለች። ልጁ ጡት መያዝ ሲጀምርም መታለቡ ባንድ ቀን አይቋረጥ፤ ደካማ ልጅ ጡቱን አያራቁተውምና ከጠባ በኋላ የቀረውን ማለብ ለጥቂት ሳምንት ያስፈልጋል።

ጡት ቀልቶ፤ ጠጥሮ፤ ትኩሳት ቢያስከትል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። መታለቡ እንደ ልማዱ ይቀጥል፤ ነገር ግን ጡቱን በኃይል ማሸትና ከልማዱ አብዝቶ ማለብ እብጠቱን ያባብሰዋል፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማሳረፍ ይሻላል። በትክክል እየታለበች እስከ አምስተኛው ቀን ወተት ያልወረደላት እናትም ለሐኪም ትንገር፤ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በማኅፀን ቀርቶ፤ ወይም ብዙ ደም ፈስሷት፤ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ኖሮባት ሊሆን ይችላል። የወሊድ መከላከያ ስትጠይቅም እንደምታጠባ አስቀድማ ትናገር፤ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ወተት ይቀንሳል።

የቀረን የሥራው ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከመውለዷ በፊት 30፤ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ አላት። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለነበረ ይህ መሻሻል ነው። ሆኖም ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80ኛው ቀን ነውና፤ የድግሱ ዕቃ ታጥቦ ሳያበቃ እናቲቱ ወደ ሥራ ትጠራለች ማለት ነው፤ ልጇ ግን ጡት ብቻ መጥባት የሚገባት እስከ ስድስት ወር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በየመሥሪያ ቤቱ እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። ማቆያ በሌለበት ቦታ ግን እናት በስምንት ሰዓት ሥራዋ መካከል ቢያንስ ሁለት ጊዜ፤ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ትታለብ። ለዚህ የሚያስፈልጋት ከውስጥ የሚዘጋ በር፤ አንድ ወንበር፤ የመታጠቢያ ውኃና በረዶ ያለበት ቦርሳ ነው። መጸዳጃ ቤት የማለቢያ ቦታ አይደለም። ወደ ሥራ ከመመለሷም ሁለት ሳምንት አስቀድማ በቀን አንድ ጊዜ ከጥባት በኋላ እያለበች ብታስቀምጥ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ስንቅ ይሆናታል።

ባልደረባችን አሁን ከመዝገብ ክፍሉ በስተ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል በረፋዱ 4 ሰዓት ተኩልና ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ትታለባለች። ደብተሩ አልቆ ሁለተኛ አስምረንላታል። ስድስት ወር ሲሞላው ስለሚጀመርለት ምግብ በሌላ ጊዜ እንጽፋለን።